የወንዝ ወለል የማን ነው?
ከጎጃም ርስት እስከ ማዕድን ሕግ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው አምበር፣ የአነደድ ወረዳ መቀመጫ፣ ከጮቄ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ በሚወርዱ ወንዞች አገር ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ፣ ጨሞጋና የዳ፣ ሙጋና ሱሃ፣ ሌሎችም ብዙ ወንዞች ይመነጫሉ። ወንዞቹ በክረምት ይዘው የሚወርዱት ውሃ ብቻ አይደለም። ከየማሳው የተጠረገውን አፈር፣ ከጥቁሩም ድንጋይ የተፈረፈረውን አሸዋና ጠጠር ተሸክመው ይሄዳሉ። ጎርፉ ሲጐድል ደቃቁ አፈር ከዓባይ ጋር አልፎ ይሄዳል፤ ከባዱ አሸዋ ግን በየወንዙ መታጠፊያ ተኝቶ ይቀራል።

ያ አሸዋ በተዳፋቱ ማሳ ላይ ሳለ ባለቤቱ ይታወቅ ነበር። ወንዝ ውስጥ ከገባ በኋላስ የማን ነው? ለሕግ ሰው ጥያቄው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ በሥራ ላይ ያለውን ሕገ መንግሥት ገልጦ ማንበብ ይበቃል። ነገር ግን መልሱ እንዴት እንደ ተገኘ፣ ለየትኛው ወንዝ ታስቦ እንደ ተጻፈና ምን ሳይመልስ እንዳለፈ የሚያስረዳው ታሪክ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ታሪክ ባጭሩ መተረክ ነው። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ርስትና ወሰን

በጎጃም ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ አባት በአባትም ሆነ በእናት በኩል ከመወለድ የሚገኝ የመሬት መብት ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንድ ሰው የርስት መብት የሚቈጥርባቸው የትውልድ ሐረጎች ብዙ ስለ ነበሩ፣ በእጁ ያለው መሬት በጠቅላላ ሊጠይቀው ከሚችለው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ስለዚህም ሙግት የርስት ሥርዓት የዕለት ተዕለት ኑሮ እንጂ ብልሽቱ አልነበረም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል የተወለደውም ከዚህ ኑሮ ነው።

ከርስት በላይ ጉልት ነበር። ጉልተኛው፣ ባላባትም ይሁን እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያለ ታላቅ ደብር፣ ከመሬቱ ግብር የመቀበልና በሰው ላይ የመዳኘት መብት ነበረው እንጂ አፈሩን ከባለርስቱ የመንቀል ሥልጣን አልነበረውም። በዚህ አኳኋን በአንድ መሬት ላይ ሁለት መብቶች ተደራርበው ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ግን የሚመለከቱት ምርትን ነበር፤ ማሳው የሚሰጠውን ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ።

ወንዝ በዚህ ሥርዓት ውስጥ በመጀመሪያ ደረጃ ወሰን ነበር። የአንዱ አባት ድርሻ ከሌላው የሚለየው በወንዝ፣ በገደል፣ በዛፍና በድንጋይ ነው። ወንዙ ራሱ የከብት ማጠጫ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የወፍጮ ድንጋይ መፈለጫ፣ የሸክላ ጭቃ መውሰጃ ሆኖ ብዙ ሰው ይገለገልበት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በአብዛኛው ከርስት ክፍያ ውጭ የነበሩ ሰዎች ናቸው። መሬት የሌለው ሰው እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር ሊያገኝ የሚችልበት ስፍራ ቢኖር የወንዙ ዳር ነበረ። ይህ ነጥብ በመጨረሻ ተመልሶ ይመጣል።

ወርቅ ከዓባይ ማዶ

የጎጃም ነገሥታትና መሳፍንት ማዕድንን ያውቁት የነበረው በገበያና በኬላ በኩል ነው። በ1841 እና በ1843 እ.ኤ.አ. መካከል በጎጃም የኖረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የጻፈለት የባሶ ገበያ፣ በየጁቤ አጠገብ፣ ከዓባይ ማዶ ከእናርያና ከአካባቢው የሚመጣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ የሚደርስበት ታላቅ ገበያ ነበር። ባሪያዎችም በዚያው ይሸጡ ነበር። የጎጃም ገዥ ከዚህ ሀብት ድርሻውን የሚወስደው በቀረጥ ነው። ወርቁ የሚታጠብበትን ወንዝ አያዝበትም ነበር። ወደ ምንጩ ለመጠጋት የተደረገው ትልቁ ሙከራም በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በንጉሥ ምኒልክ ጦር ድል ሲሆኑና ሲማረኩ ከሸፈ።

ከዚያ በኋላ የወርቁ አገር ሁሉ በሸዋ መንግሥት ሥር ገባ። የወለጋ ገዥዎች ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ጀመር። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን የተመራው ዘመቻ ቤኒ ሻንጉልን ካስገበረ በኋላም የዚያ አገር ግብር ወርቅ ሆነ። ወርቁን ከየወንዙ አሸዋ አጥቦ የሚያወጣው ገበሬው ነው፤ መንግሥትም የሚያውቀው ሚዛኑን እንጂ የወንዙን ወሰን አልነበረም። ቀጥሎ ግን ለውጭ አገር ሰዎች የማዕድን ፈቃድ መስጠት ተጀመረ። ከእነዚህ ውስጥ የታወቀው የኢጣሊያዊው የአልቤርቶ ፕራሶ ሥራ ነው፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በወለጋ ዩብዶ፣ በቢርቢር ወንዝ አካባቢ ፕላቲን ይወጣ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላም በሲዳሞ የአዶላ ወርቅ በመንግሥት እጅ ከየወንዙ ደለል እየታጠበ ለግምጃ ቤቱ ገቢ ይሆን ጀመር።

ፈቃድ መስጠት ከግብር መቀበል የተለየ ነገር ነው። ግብር ተቀባይ የሌላውን ምርት ይካፈላል፤ ፈቃድ ሰጪ ግን ነገሩ አስቀድሞ የራሱ መሆኑን ይናገራል። የመንግሥት የማዕድን ባለቤትነት የሚለው አሳብ በአገራችን ሥር የሰደደው እንግዲህ በወርቅ ወንዞች ዳር ነው። በእነዚያ አገሮች ደግሞ የገበሬው የመሬት መብት ራሱ በመቅናት ምክንያት ደካማ ሆኖ ነበር።

ሕጉ ሲጻፍ

የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም በሕግ ከተወሰነው በቀር ማንም ኢትዮጵያዊ ከሚንቀሳቀስም ሆነ ከማይንቀሳቀስ ንብረቱ እንዳይነቀል ደነገገ። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን ጥበቃ አጠነከረው። አንቀጽ 44 ማንም ሰው በልዩ የማስለቀቂያ ሕግ መሠረትና ተገቢው ካሣ ተከፍሎት ካልሆነ በቀር ንብረቱ እንደማይወሰድበት፣ በካሣው ካልተስማማም ፍርድ ቤት እንደሚወስንለት ያረጋግጣል።

ይኸው ሕገ መንግሥት ግን አንቀጽ 130 ላይ ሌላ ነገር ይናገራል። በማንም ስም ያልተያዘ ንብረት፣ ከመሬት በታች ያለ ምርት ሁሉ፣ ደኖችና የግጦሽ መሬቶች፣ የውሃ መውረጃዎችና ሐይቆች የመንግሥት ሀብት ናቸው ይላል። ሁለቱን አንቀጾች ጐን ለጐን ያነበበ ሰው ነገሩ ይገለጥለታል። አንቀጽ 44 ካሣ የሚሰጠው ለባለቤት ነው፤ አንቀጽ 130 ደግሞ በወንዙ ውስጥና ከአፈሩ በታች ባለቤት የሚሆን ሰው አስቀድሞ ያስወግዳል። ከዚያ ወዲህ ከወንዙ ለሚወሰደው ነገር ካሣ ይገባኛል የሚለው ባለርስት የሚቆምበት መሬት አልነበረውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በፈረንሳዊው ሊቅ በረኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመሬት ባለቤትነት ወደ ታች የሚወርደው መሬቱን ለመገልገል እስከሚያስፈልገው ድረስ ብቻ መሆኑን ወሰነ። በአንቀጽ 3347ም ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች የነበረውን ልማድ ሻረ። የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብን የሚመለከተው ክፍል ግን ሥራ ላይ ሳይውል ለጊዜው ታግዶ ቈየ። ውጤቱን የጎጃም ባለርስት በራሱ ላይ አየው፤ ልማዱ ተሽሯል፣ ልማዱን የሚተካው መዝገብ ደግሞ አልተከፈተም። በመጨረሻም በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው የማዕድን አዋጅ ቍጥር 282 የመንግሥትን የማዕድን ባለቤትነት በዝርዝር ሕግ አቋቋመው።

የሌሎች አገሮችን ሕግ ማነጻጸር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር በ1568 እ.ኤ.አ. በንግሥት ኤልሳቤጥና በኖርዘምበርላንድ መስፍን መካከል የተደረገው ዝነኛ ሙግት፣ በግል መሬት ውስጥም ቢሆን ወርቅና ብር የዘውዱ ነው በሚል ፍርድ አለቀ። ሌላው ማዕድን ግን በመሠረቱ ለባለ መሬቱ ቀረ። በፈረንሳይ የ1810 እ.ኤ.አ. ሕግ ማዕድንን ከመሬቱ ለይቶ በመንግሥት ፈቃድ ሥር ሲያደርግ፣ የድንጋይና የአሸዋ መቈፈሪያን ለባለ መሬቱ ተወለት። የ1898 እ.ኤ.አ. ሕግ ደግሞ ጀልባ የማይሄድባቸው ወንዞች ወለል በዳርና በዳር ያሉት ባለ መሬቶች እንዲሆን፣ እያንዳንዱም እስከ ወንዙ መካከል ድረስ እንዲይዝ፣ የውሃውን አካሄድ እስካላበላሸ ድረስም አሸዋና ድንጋይ እንዲያወጣ ፈቀደ። እነዚያ ሕጎች ወርቅን ከአሸዋ ለይተው ያዩ ነበር። የእኛ የ1948 ሕገ መንግሥት ግን ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቀለላቸው። በወርቅ ወንዝ ልክ የተቈረጠው ልብስ ጨሞጋና የዳም እንዲለብሱት ተደረገ።

ጎጃምና ቀላድ

በጎጃም ደጋ የወርቅ ወንዝ ስለሌለ ይህ ሕግ ለረጅም ጊዜ በወረቀት ላይ ተኝቶ ቈየ። ባለርስቱና መንግሥቱ የተጋጩት በሌላ መንገድ ነው፤ እርሱም በልኬታ ምክንያት።

ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በአብዛኛው አገር ግብሩን በጋሻ ልክ፣ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በመመደብ ሲያስከፍል፣ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ ግን በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉት የነበረውን ግብር እየከፈሉ እንዲቀጥሉ ፈቀደ። ይህ ልዩነት የተገኘው በችሮታ ብቻ አልነበረም። የጎጃም ገበሬ ገና ከጅምሩ አዲሱን ግብር ተቃውሞ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያም መሬት ለመለካት የተደረገውን ሙከራ በመሣሪያ ጭምር ተቃወመ።

ትልቁ ግጭት የመጣው በኅዳር 1960 ዓ.ም. ከታወጀው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በኋላ ነው። አዋጁ አሥራትን ሽሮ ግብሩን በምርት ላይ የሚያደርግ ስለ ነበረ፣ የእያንዳንዱን ሰው ማሳ የሚገምቱ ሹማምንት ወደየአጥቢያው መግባት ነበረባቸው። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትና በደብረ ማርቆስ አካባቢ ገበሬው ገማቾቹን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ተጠቀመ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ የቈየ ውዝፍ ግብርም ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይተገበር ቀረ።

ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው በአሸዋ ምክንያት ነው የሚል ሰው ታሪክን ይበድላል። የገበሬው ፍርሀት ግን ከያዝነው ጉዳይ ጋር አንድ ሥር አለው። በደቡብ አገር ቀላድ በተጣለበት ስፍራ፣ በልኬታው ትርፍ ሆኖ የተገኘ መሬት ወደ መንግሥት መግባቱን የጎጃም ሰው ሰምቶ ነበር። የሚለካ ሰው ወሰን ያሰምራል፤ ወሰን የሚያሰምርም ከወሰኑ ውጭ ያለውን ሁሉ ለላከው ሰው ይመዘግባል። የወንዝ ዳር፣ የገደል አፋፍ፣ የከብት መዋያ፣ በማንም ስም ያልተጻፈ ግን ሁሉ የሚያውቀው መሬት በመጀመሪያ የሚታጣው እንዲህ ነው። አንቀጽ 130ን ያላነበበው ገበሬ አሠራሩን በሚገባ ተረድቶት ነበር ማለት ይቻላል።

ባለርስት ከቀረ በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 31/1967 የባለርስቱንና የመንግሥቱን ክርክር በአንድ ቀን ዘጋው፤ ባለርስት የሚባል ወገን በሕግ ፊት ቀረ። አዋጁ በርስት አገር ገበሬው በእጁ የሚያርሰውን ይዞ እንዲቀጥል ሲፈቅድ፣ ካሣ የወሰነው በመሬቱ ላይ ላለው የሚንቀሳቀስ ንብረትና ቋሚ ሥራ ብቻ ነው። ለአፈሩ ራሱ ካሣ የለም። ከዚህ በፊት ለወንዙ ወለል ብቻ የተነገረው ነገር አሁን ለማሳውም ተነገረ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህንኑ መሠረት አጸና። አንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ሁሉ ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል፤ ገበሬው ግን በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ላስገኘው ነገር መብት አለው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደገና ተሸነሸነ። በ1990ዎቹም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ተጀመረ። ከስድሳ ዓመት በፊት ጦር የተማዘዘበት ልኬታ አሁን ገበሬው ራሱ ይዞታዬ ይታወቅልኝ ብሎ የሚሻው ነገር ሆነ። በደብተሩ ላይ ግን ወንዝ እንደ ቀድሞው አዋሳኝ ነው። የገበሬው ይዞታ የሚያልቀው ከወንዙ አፋፍ ላይ ነው።

ከአፋፉ በታች ያለው በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቍጥር 678/2002 ሥር ይገዛል። በዚህ አዋጅ አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ የኮንስትራክሽን ማዕድን ተብለው ተመድበዋል፤ ለአገር ውስጥ ባለ ሀብት ፈቃዱን የሚሰጠውም የክልሉ መንግሥት ነው። ከተሞች ሲሰፉና የሲሚንቶ ቤት ሲበዛ አሸዋ ዋጋ አወጣ። ክልሎችም የአሸዋና የድንጋይ ቦታዎችን መሬት ለሌላቸው ወጣቶች በማኅበር አደራጅተው መስጠት ልማድ አደረጉት። ይህ በራሱ መልካም ሥራ ነው፤ በጥንቱ ዘመን ርስት ያልነበረው ሸክላ ሠሪ እጁን የዘረጋበት የወንዝ ዳር ዛሬም መሬት ያልደረሰው ወጣት የሚተዳደርበት ሆነ።

የሚወድቀው አፋፍ

ክርክሩ አዲስ መልክ ይዞ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ወንዝ አሸዋውን የሚያስቀምጠው በከንቱ አይደለም። አሸዋው የውሃውን ጉልበት ይሰብራል፤ ወለሉንም በከፍታው ያቆየዋል። ከሚገባው በላይ ሲወሰድ ወለሉ ዝቅ ይላል፤ ውሃው ይፈጥናል፤ ሸክሙን ያጣው ወንዝም የጐደለውን ለመሙላት የአፋፉን ሥር ይቦረቡራል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት አፋፉ ከነማሳው ይናዳል፤ በወለሉ መውረድም የአካባቢው የምንጭና የጕድጓድ ውሃ ይሸሻል። ጉዳቱ አሸዋው ከተጫነበት ስፍራ ርቆ፣ ከላይም ሆነ ከታች ሊደርስ ይችላል።

አሁን ይህን ገበሬ ወደ ሕግ እንውሰደው። የማስለቀቂያ ሕጉን፣ አዋጅ ቍጥር 1161/2011ን፣ ቢጠይቅ፣ ለሕዝብ ጥቅም መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ በመሬቱ ላይ ካለው ንብረት ካሣ ሌላ ከፍተኛ የዓመት ገቢው በአሥራ አምስት ተባዝቶ የልማት ተነሺ ካሣ እንደሚከፈል ያገኛል። ይሁን እንጂ የእርሱን ማሳ ማንም አላስለቀቀውም፤ ማሳው ወደቀ እንጂ አልተወሰደም። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኀላፊነት የሚናገረውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 ቢጠቅስ፣ ማን እንዳጠፋና ጥፋቱ ጉዳቱን እንዳመጣ ማስረዳት አለበት። በሦስት ክረምት ውስጥ ከአምስት ስፍራ አሸዋ ከተጫነ የማንኛው አካፋ አፋፉን እንደ ጣለው የሚመሰክር ማን ነው? ፈቃድ ያገኙት ወጣቶች ሕጋውያን ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የእርሱ የጐረቤት ልጆች ናቸው። ፈቃድ ሰጪው ክፍልም የሰጠው የራሱን ነው። እንግዲህ ሁሉም በሕግ ትክክል ሆኖ ሳለ ማሳው ብቻ ጐደለ።

ከዚህ ሁሉ ዘመን ታሪክ የሚወጣው ቁም ነገር ይህ ነው። የአገራችን ሕግ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ሥርዓተ መንግሥቱ ቢለዋወጥም ለአንድ ጥያቄ አጥብቆ መልስ ሲሰጥ ኖሯል፤ ማዕድኑ የማን ነው? የመንግሥት። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን በበቂ አልመለሰም፤ ማዕድኑ ሲወሰድ የሚደርሰው ጉዳት የማን ነው? በተግባር የሁለተኛው መልስ የገበሬው ሆኖ ቀርቷል። ለዚህም ምክንያቱ ማንም ይህን ስለ ወሰነ አይደለም፤ ሕጉ የተፀነሰው ባለርስት በተዳከመበት የወርቅ ወንዝ ዳር ስለሆነ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው አልታየውም ነበር።

መፍትሔው የቀድሞውን ባለርስት መመለስ አይደለም፤ ያ ዘመን አልፏል፤ መሬት አልባው ወጣትም ከወንዙ ዳር መገፋት የለበትም። ነገር ግን ሦስት ነገሮች በሙያችን አቅም ውስጥ ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የወለሉ ከፍታና የአፋፉ ወሰን ተለክቶ በመዝገብ ቢቀመጥ፣ በኋላ የሚደርሰውን ጉዳት ማስረዳት ለገበሬው ቀላል ይሆናል። ቀጥሎ በአንድ ወንዝ ላይ የተሰጡ ፈቃዶች ሁሉ በአንድነት ቢታዩና ከሚገኘው ገቢ ጥቂቱ ለአፋፍ ጥበቃና ለጉዳት መካሻ ቢለይ፣ ጥፋተኛውን ነጥሎ የማግኘት ጭንቅ ይቀራል። በመጨረሻም በይዞታ ደብተሩ ላይ ወንዙ አዋሳኝ ተብሎ ከመጠቀስ አልፎ፣ ዳሩን የያዘው ሰው ስለሚሰጠው ፈቃድ አስቀድሞ የመሰማት መብት እንዳለው ቢጻፍ፣ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ሲንከባለል የመጣው ያለ እኔ ወሰኔን አታስምሩ የሚለው ጥያቄ ቢያንስ በከፊል ይመለሳል።

የጮቄ ወንዞች በየክረምቱ አሸዋ ያመጣሉ። ይህ አሸዋ ለአምበርም ለደብረ ማርቆስም ቤት መሥሪያ ነው፤ ለወጣቱም እንጀራ ነው። የመጣው ግን ከአንድ ሰው ማሳ መሆኑን፣ ሲወሰድም የሌላውን ሰው ማሳ ይዞ ሊሄድ እንደሚችል ሕጉ ማስታወስ ይገባዋል።